እባክህ የሚባል ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ አሰላ

ዛሬም ምሳ ላይ የእርሻ መሥሪያ ቤታችን ሰዎች ሁሉ ጀማልን ከበው ሲያዳምጡ ነበር። ከስዊድን ተምሮ ከተመለሰ ገና ወሩ ነው፤ ኮምፒዩተር በእጁ ነክቷል። እኔ የበቆጂን የስንዴ ሙከራ የሚያሰላ ፕሮግራም ከመጽሐፍ ተምሬ በእርሳስ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ማሽኑን ግን በዓይኔ አላየሁም።

«የአሜሪካ ተማሪዎች ሆን ብለው አስቸጋሪ የኮምፒዩተር ቋንቋ ፈጠሩ» አለ። «ስታዘው አልፎ አልፎ ‹እባክህ› ካላልከው ባለጌ ነህ ብሎ እምቢ ይላል። ካበዛህበት ደግሞ አታሽቃብጥ ብሎ እምቢ ይላል።»

«ሙት በለኝ!» አለች ታይፒስቷ ወይንሸት፣ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። እኔ አውርቼ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«ምን ይጠቅማል?» አልኩት።

«ምንም። ለጨዋታ ነው እንጂ።»

ይቺ ናት ያንገበገበችኝ። እኔ ቀላሉን እንኳ የምሞክርበት ማሽን አጥቼ፣ እነሱ ጠግበው አስቸጋሪ ይፈለስፋሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከውይይት ክበቡ በፊት፣ ፕሮግራሜን ይዤ ጀማል ቢሮ ሄድኩ። ስዊድን ላሉት ጓደኞቹ ልኮ እንዲያስሞክርልኝ ልለምነው ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ አሰብኩ። ልጅ ሳለ ሒሳብ ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ባጭሩ ብጠይቀው ኮራብኝ ይላል፤ ባበዛው ነገ ምሳ ላይ ወይንሸት ፊት መሳቂያ ያደርገኛል።

«ምነው ጋሼ፣ ፈለግከኝ?»

«እባክህ...» አልኩና ወረቀቱን ኮቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። «እባክህ፣ እስክሪብቶ አውሰኝ።»

ከስዊድን ያመጣውን ሰጠኝ። ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። የተረገመ፣ ሲጽፍ ደግሞ እንዴት ይጥማል!