አዳም የዋኘው ወንዝ

ኖቬምበር 6

ነፋስ። አንሶላ አሰጣሁ፤ አንዱ አጥር ዘሎ የጎረቤት ጽጌረዳ ላይ አረፈ። ነፋስ በማያጣት በብለፍ ወደብ ተወልዶ ነፋስን መራገም አይገባም... ግን ረገምኩት።

ከሰዓት ወንድሜ ዱጋል መጣ። ሳያንኳኳ፣ እንደ ልማዱ። ዳቦ በአይብ ጠቅልዬ ጠበስኩለት። ሳህኑን ጠርጎ ካበቃ በኋላ ነው ጉዳዩን ያወጣው። በጃንዋሪ መጨረሻ የጊልክሪስት ዘር በሙሉ ወንዙ ዳር ይሰበሰባል። ለቅድመ አያታችን ለአዳም ድንጋይ ይቆማል። ከስኮትላንድ መጥቶ፣ በጀልባ ሰው አሻጋሪ ሆኖ፣ በዚያ ጎርፍ ጀልባዋ ስትገለበጥ ዋኝቶ እናትና ልጆቿን ያወጣው አዳም። ከእናታችን ወተት ጋር የጠጣነው ታሪክ። የመጣበትን መርከብና የተወለደበትን ቀን ከድሮ መዝገብ እንድፈልግለት አዘዘኝ። ጸጉር ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ ሥራ ፈት ነኝ፣ በሱ ቤት።

እግረ መንገዱን ደግሞ ጀልባውን ሊሸጥ መሆኑን ነገረኝ። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ሮናስ? አልኩት። ልጁ ናት፤ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ አብራው ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ ዛጎል ከባሕር ወለል ስታወጣ የኖረች።

"በእኛ ቤት ውሃ የወንድ ነው፣ ዊልማ። ከአዳም ጀምሮ።"

ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ሁልጊዜ ዝም...

ኖቬምበር 14

ኢንቨርካርጊል ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። አዳምን አገኘሁት! ከሚስቱ ከግሪዘል ጋር ከግሪኖክ ወደብ ተሳፍሯል። ሥራ፦ ሸማኔ።

ሸማኔ? መርከበኛ ነበር ሲሉን አልነበር? የጋብቻቸውንም መዝገብ አየሁ። የግሪዘል አባት ሥራ... ጀልባ አሻጋሪ። እንግዲህ ውሃ የሚያውቀው የማን ቤተሰብ ነበር?

ለዱጋል ደወልኩለት። ሸማኔም መዋኘት ይችላል ብሎኝ ዘጋ።

ኖቬምበር 22

የድሮ ጋዜጣ ፊደል ጉንዳን ነው። ዛሬም ምንም።

ኖቬምበር 27

ሮና ብቅ አለች። እጇ ቀለም በቀለም። ጀልባዋን ስትቀባ ውላለች... ለገዢው እንዲያምር! ከተሸጠች ባሕር ተሻግራ ኩዊንስላንድ ሄዳ ሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባ ላይ ትቀጠራለች። እዚህ የሰው ጀልባ ላይ መሥራት አትፈልግም፤ በየቀኑ የራሷን እያየች።

አባትሽን ጠይቀሽዋል? አልኳት።

"አክስቴ፣ አባዬ ይናገራል እንጂ መች ይጠየቃል?"

ከሄደች እኔስ ማን አለኝ? ይህን ግን አላልኳትም።

ዲሴምበር 3

ጎርፉን አገኘሁት። ልሳቅ ልደንግጥ፣ እንጃ።

ጋዜጣው እንዲህ ይላል... ጀልባዋ ተገለበጠች። እናትየዋና ልጆቿ ጎርፍ የጣለው ዛፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ከዚያ "ወይዘሮ ጊልክሪስት" ገመድ ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ወይዘሮ! ደጋግሜ አነበብኩት። ቀሚሷን አውልቃ ነው የገባችው። ጋዜጠኛው ስለ ቀሚሱ ብዙ ጽፏል፣ ስለ ዋናው ጥቂት።

አዳምስ? ስለ አዳም አንድም ቃል የለም።

ዲሴምበር 4

ለሮና ነገርኳት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሳቀች... ኋላ እንባዋ መጣ። አዳም መቼም ሔዋንን ተከትሎ ነው፣ አልኳት።

ለአባቷ እንዳልነግረው ለመነችኝ። በዚህ ዕድሜው ጀግናውን አትቀሚው፣ አለች። ጀልባ የሚነጥቃት እሱ፣ የምታዝንለት እሷ!

ልንገረው? ልተወው? ድንጋይ ላይ ውሸት ይቀረጽ?

ዲሴምበር 10

ነገርኩት።

ቅጂውን አነበበ። አጥፎ መለሰልኝ። ጋዜጣ መች እውነት ተናግሮ ያውቃል፣ ያኔም እንደ ዛሬው ነው፣ አለ። ተነሥቶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ዞረ።

"አንቺ የፈለግሽው አዳምን አይደለም። እኔን ማዋረጃ ነው።"

ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ዱጋል፣ ሻይ ሳይጨርስ! ዱነዲን መዝገብ ቤት ሄዶ ራሱ ማስረጃ ሊያመጣ ነው። ያምጣ።

አስቀየምኩት። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄ ደግሞ ደስ አለኝ... ያሳፍራል?

ዲሴምበር 25

ገና በሱ ቤት። የበግ ጥብስ፣ እንጆሪ፣ ኩርፊያ። ዱጋል ጨው ሲፈልግ በሮና በኩል ነው የሚልክብኝ፤ ጨው ያለው እኔ ፊት ነው። አልሰማሁም ሆንኩ። አልጫውን በላ።

ጃንዋሪ 15

በሩ ተንኳኳ። ዱጋል! ሲያንኳኳ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

ዱነዲን መዝገብ ቤት ሰንብቶ መምጣቱ ነው። አደጋውን የመረመረው ዳኛ ፊት ባልና ሚስቱ ቃላቸውን ሰጥተው ኖሯል። አዳምን ላስመሰክር ብሎ ሄዶ ሁለቱንም አገኛቸው። ቅጂውን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ዳኛው ግሪዘልን፣ ባልሽ እዚያው እያለ አንቺ ለምን ገባሽ፣ ብሎ ጠየቃት። መልሷ፦

"እኔ መዋኘት እችላለሁ፤ እሱ መያዝ ይችላል።"

አዳምም ተጠየቀ። እኔ ገመድ ብቻ ነው የያዝኩት፣ አለ። ጸሐፊው ከግርጌው ጨምሮበታል፦ ምስክሩ መዳፉ በገመድ ስለተላጠ መፈረም አልቻለም።

ሻዩ ቀዘቀዘ።

"አዳም አልዋሸም፣ ዊልማ። የዋሸንለት እኛ ነን።"

ታሪኩን ማን ገለበጠው? መቼ? ምናልባት ማንም አልገለበጠውም። እየተነገረ፣ እየተነገረ... ቀሚሱ ሱሪ ሆነ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም። ግን ሳህን አጠበ።

ጃንዋሪ 30

ድንጋዩ ቆመ። የአዳም ስም ቀድሞ ተቀርጾ ስለነበር የግሪዘል ስም ከላይ በቀረው ባዶ ቦታ ገባ። ፊደሉ ትንሽ ተጨናንቋል። ግን ከላይ ነው።

ዱጋል ኪልቱን፣ የስኮትላንድ ወንዶችን ቀሚስ፣ ለብሶ፣ ነፋሱ እየገለበበት፣ በአንድ እጁ ኪልቱን በሌላው ወረቀቱን ይዞ የሁለቱን ቃል ለዘመድ ሁሉ አነበበ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተያየ። ከጎር ከተማ የመጣው የአጎታችን ልጅ ኖርማን ቅር አለው። ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ለሸማኔ ነው? አለ።

"እኔም ሸማኔውን ሳልመስል አልቀርም፤ ሸማኔ ቢሆንም ግን ገመዱን አልለቀቀም" አለው ዱጋል።

ኖርማን ወደ ኬኩ ሄደ። ሮና መሬት መሬት ታያለች። ገዢው በሚቀጥለው ሳምንት ሊፈርም ይመጣል። ስለ እሱ ዱጋል ምንም አላለም።

ፌብሩዋሪ 6

ለገዢው ደውሎ አልሸጥም ብሎታል! ለምን? አልኩት። ዋጋው አልጣመኝም፣ አለ። ውሸታም። ዋጋውን የጠራው ራሱ።

ለሮና ግን አልነገራትም። እኔ እንድነግራት ፈለገ። እምቢ አልኩ። ይሄን እንኳ በራስህ አፍ ንገራት፣ አልኩት።

ፌብሩዋሪ 7

ነገራት። የሰማሁት ከሷ ነው። ወደ ጀልባዋ መጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ቀለሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካየ በኋላ፦

"የራስሽን ጀልባ እንዲህ ነው የምትቀቢው?"

ነገሩ እስኪገባት ብሩሹን ይዛ ቆመች። ከዚያ አቀፈችው። ጃኬቱ አሁንም በጀልባዋ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ አይለቅም።

ማርች 1

የኦይስተር ወቅት ተከፈተ። ማለዳ ወጣን።

"ወጣን" ብዬ ጻፍኩ... እኔም ጭምር! ብለፍ ተወልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነይ ያለችኝ ሮና ናት። ሆዴ እስከ ወደቡ አፍ እንኳ አልታገሰኝም። ባሕሩን ያየሁት ባልዲ አቅፌ ነው።

ሮና መሪውን ይዛለች። ዱጋል እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ከመሪው ክፍል ውጭ። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ አልቻለም። አጠገቧ ገብቶ ወደ ግራ ያዢ፣ ማዕበሉን እዪ፣ ማለት ጀመረ።

"አባዬ፣ ውጣ" አለችው። ቀስ ብላ።

አሁን ይፈነዳል ስል... ወጣ። ጓንቱን አጠለቀ። የመጀመሪያው የኦይስተር ጭነት ሲፈስ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ትንሹን ከትልቁ መለየት ጀመረ። ያፏጫል። ዱጋል ሲያፏጭ ሰምቼ አላውቅም።

ዞር ብዬ ወደቡን አየሁት፤ ርቋል። በየዓመቱ በዛሬው ቀን እዚያ ቆሜ እጄን የማውለበልበው እኔ ነበርኩ። የሌሎቹ ሚስቶችና እናቶች አሁንም ቆመዋል፣ ነጥብ ነጥብ ያክላሉ። ከኛ ቤት ግን የቆመ የለም።

ሁላችንም ውሃው ላይ ነን።