ተኝቶ የመጣው ፎቶኮፒ

ጭሮ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከገለምሶ አንድ መሥሪያ ቤት ለጥገና የመጣልኝ ፎቶኮፒ ማሽን የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ስከፍተው ዴቨሎፐሩ፣ ያ ጥቁር ዱቄት፣ ከማስቀመጫው ወጥቶ ውስጡን ሞልቶታል። ማስቀመጫው ግን አልተሰነጠቀም።

እያነከሱ ያመጡልኝን የመሥሪያ ቤቱን ተላላኪ፣ አባባ ጀማልን፣ «እንዴት አድርገው አመጡት?» አልኳቸው።

«አይሱዙው ላይ እንዳይወድቅ በጎኑ አስተኝቼ፣ በሽርጤ ጠቅልዬ፣ አቅፌው መጣሁ» አሉ።

ለካ የፈሰሰው ለዚህ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ፣ ልጄ?»

«የለም፣ ማሽኑ አርጅቶ ነው» አልኩ። ጠርጌ አዲስ ዱቄት ሞላሁለት። ሲወስዱት ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ሲመለስ ቆሞ ይሂድ፣ አባባ። መተኛት አይስማማውም።»

«እንግዲያው እኔም እስከ ገለምሶ ቆሜ እይዘዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

የሚያነክሱበት ጉልበታቸው ትዝ ያለኝ አይሱዙው ከሄደ በኋላ ነው።