ዳማ የተጠመደበት ቅዳሜ

ሴቻ፣ ሚያዝያ 1990 ዓ.ም.

ውድ አባባ ወልደሥላሴ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ለመጀመር አፍሬአለሁ። በእግርዎ ወደ ገረሴ ሲወጡ ያየዎት ሰው ሁሉ እንዴት እንደሰነበቱ ነግሮኛል። ፈረስዎ ዳማ እዚሁ ግቢያችን ማንጎው ሥር ታስሯል። ሣር ሳቀርብለት ፊቱን ያዞርብኛል። ልጅዎ ፌቨንም እንደ እሱ ናት፤ ምግብ እንጂ ቃል አታቀርብልኝም።

«የእርሻ ፈረስ ኤግዚቢሽን አለን፤ ዳማን አስጊጠው ይምጡልን፣ ትልልቅ ሰዎች ያዩታል» ብዬ የላክሁብዎት እኔ ነኝ። ስለ ማረሻው አልነገርኩዎትም። ልደብቅ ብዬ ሳይሆን መነገር ያለበት ነገር መሆኑ አልታየኝም። ያደግሁት ናዝሬት ነው፤ እዚያ ፈረስ ማለት ጋሪ የሚጎትት ነው። እርሻ መሥሪያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ደግሞ «ደጋው በእጅ መቆፈሩ ይቅርለት፣ ፈረስ ይረስለት» እያልኩ በየስብሰባው ስለፈልፍ ኖሬአለሁ።

እርስዎ ግን ዳማን አጥበው፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የሱፍ ጌጥ አስረው፣ ነጭ ጋቢዎን ለብሰው መጡ። ጎረቤቶችዎም ሊያዩ ተከትለውዎት ወርደዋል። ጋሪው፣ የብረት ማረሻው፣ የአፈር መከስከሻው ሜዳው ላይ ተደርድሮ ሲያዩ፣

«ዳማን ማን ሊጋልበው ነው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ይህን ነው የሚጎትተው።»

ፊትዎ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ግን አለቃዬ ዳሱ ሥር ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ጌጡ ከገመዱ ጋር እንዳይጠላለፍ ብዬ ፈታሁና ኪሴ ከተትኩት፤ ልጓሙን ከእጅዎ ተቀብዬ ዳማን ጠመድኩት።

ጎተተ። ሰዉ አጨበጨበ። በድምፅ ማጉያው «የዚህ ጎበዝ ፈረስ ባለቤት ማነው?» ሲባል እጅዎን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «የኔ አይደለም። የልጄ ባል ፈረስ ነው» አሉ። እኔ ሞኙ ያከበሩኝ መስሎኝ ለሕዝቡ እጅ ነሣሁ! ቀና ስል የሉም።

ቤት ስገባ ፌቨን እያለቀሰች ነገረችኝ።

«እናቴ የሞተች ጊዜ አባዬ የለቅሶ ሜዳውን የዞረው በዳማ ነው። ለማረሻ የተጠመደ ፈረስ ክብሩን ያጣል፤ እዚያ አይገባም። ሙት ዓመቷ ደርሷል፤ አሁን በምን ሊዞር ነው?»

«ታዲያ ለምን አልከለከሉኝም?»

«አለቃህ ፊት? አማቹን ሊያዋርድ?»

አባባ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው። እማማ ወለቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ገረሴ በመጣሁ ቁጥር «ይሄ የቆላ ልጅ ብርድ ሊገድለው ነው» እያሉ የራሳቸውን ጋቢ ያለብሱኝ ነበር። የእሳቸውን ሐዘን የተሸከመ ፈረስ ነው ለጭብጨባ የጠመድኩት።

ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ። ዳማ ላይ ሳልቀመጥ፣ ከሴቻ እስከ ገረሴ በእግሬ እየሳብኩት፣ በገበያው መሃል አልፌ ለቅሶ ሜዳው ዳር አቆመዋለሁ። «የጠመድኩት እኔ ነኝ፤ አባባ አላወቁም ነበር» ብዬ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ። ይግባ ካሉ፣ ጌጡ ኪሴ ውስጥ አለ፤ እርስዎ ያስሩለት። አይገባም ካሉ ግን ሜዳውን በእግርዎ ሲዞሩ ከኋላዎ አልለይም። ሰው «ፈረስዎ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ እንደ ቅዳሜው እጅዎን ወደ እኔ ይዘርጉ።

አንገቱን የደፋ ልጅዎ፣
ገነነ