ለጋሼ ያዋስኩት የደም ውጤት

መጋቢት 26፣ ከሰዓት

ዛሬም ሹሮ። ይኼን ሁሉ ቀን ሹሮና ጎመን የበላ ሆድ ምን ይላል፤ ዝም ነው እንጂ። ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጥቼ ነበር። ደብተሬ፣ ጉድ ስሚ! ኮሌስትሮሌ ወርዷል። ከ280 ወደ 160። ዶ/ሯ ግን ፊቷን አልፈታችም። ያወረደው ጾሙ ብቻ አይደለም፣ ክኒኑም ነው፤ አንዴ የታመመ ልብ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው፣ እንዳያቋርጡ አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም።

መጋቢት 29

ጋሼ ከአምበር መጣ። ታላቅ ወንድሜ፣ ቄስ ነው። የልብ ሕመማችን አንድ፣ ክኒናችን አንድ። እሱ ክኒን ይከብደዋል፤ እግዜርን ያላመንኩ ይመስለኛል ይላል። ውጤቴን አሳየሁት። ጾም ፈወሰኝ፣ ክኒኔንም ትቻለሁ አልኩት። የዶ/ሯን ቃል ዋጥኩት። ለምን? እንጃ። ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ አለኝ። ለንስሐ ልጆቼ ላሳይ፣ ወረቀቱን አውሰኝ አለ። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሚያዝያ 7፣ ፋሲካ

ዶሮው በቅቤ ዋኝቷል። ቁርጡም አልቀረ። ባለቤቴ የሺ ክኒንህስ ብትል ተቆጣሁ፤ በዓሌን አታበላሽብኝ። አፍሬያለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም።

ጋሼ ደወለ። ድምፁ የጎረምሳ ነው። እሱም ክኒኑን ውጤቴን ያየ ዕለት ትቶታል፤ ለሚስቱ አልነገራትም። ጎሽ አልኩት።

ሚያዝያ 19

ከአምበር ተደወለ። ጋሼ ቀድሶ ሲወጣ ደረቱን ይዞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተቀመጠ አሉ። መኪና እስኪመጣ አልቆየም።



ሚያዝያ 20

ቀበርነው። በበዓለ ሃምሳው ውስጥ መሞት መታደል ነው ይላል ሰው ሁሉ። እኔን ያጽናናሉ። እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ሚያዝያ 21፣ ሣልስት

የጋሼ ሚስት፣ እትየ ጥሩ፣ ከድንኳኑ ጠርተው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ሣጥኑ ውስጥ ያገኙትን አወጡ። ያልተከፈተ የክኒን ካርቶን። በላዩ የታጠፈ ወረቀት። ማንበብ አይችሉም።

«መምሬ ከዳዊታቸው ጋር ያስቀመጡት ምንድን ነው? አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

ከላይ የኔ ስም። መነጽሬን አልያዝኩም አልኳቸው። መነጽሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አመኑኝ። ወረቀቱን መልሰው አጠፉት፤ ክኒኑ እንዴት ሳይከፈት ቀረ፣ ማታ ማታ ይውጣሉ ብዬ ነበር እያሉ አለቀሱ። ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት፤ አጠገባቸው እያለሁ ሳላየው አሉ። ያንንም ሰምቼ ማታውኑ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አይ እኔ!

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ክኒኔን ዋጥኩ። የሺ አየችኝ። ደረቴ ደህና ነው። የሚያናድደኝም ደህና መሆኑ ነው።

የአምበር መኪና 2 ሰዓት ላይ ይነሳል። መነጽሬን ይዣለሁ። እትየ ጥሩን አስቀምጬ ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ፣ ከስሜ ጀምሬ። ቀጥሎ ዶ/ሯ ያለችውን እነግራቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ ለጋሼ ያልነገርኩትን።