መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት

ለእህቴ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ ስሟን ባየሁ ቁጥር ደረቴን ለምነፋባት፣

እንዴት ከርመሻል? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ሲያማት ትቆጣኛለች፣ ሲሻላትም ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ ጤንነቷን ከቁጣዋ መለየት አልተቻለም። ስፌት መኪናዬም እንደ እኔ አርጅታ ታቃስታለች፤ ግን ትሠራለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ቢሆን ገና «ሄሎ ጋሼ» ስትዪኝ አንድ ነገር እቀባጥራለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ በሳቁ መሀል ሾልኬ አመልጣለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አጥፍቼ የታረቅኩሽ ሁሌም እንደዚያ ነው። ወረቀት ላይ ግን ብትስቂም አልሰማሽም። እናትሽም «በገዛ እጅህ ጻፍላት፣ ቀልድ እንዳታስገባበት» ብላ አስጠንቅቃኛለች። ይኸው ገና ሳልጀምር ሁለት አመለጠኝ።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ጋዜጣ ሲያመጣ ሱቄ እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትሄጂ አንድ አግዳሚ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኗል። ጡረተኛው ፖስተኛ በሩ ሥር ይቀመጣል። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ ይመጣና የሰው ሱፍ ላይ ይደገፋል። ሌላው የሚቀያየር ነው፤ ግን ሁሉም የእኛው ሰዎች ናቸው፣ በምርጫው ለመሰላል ምልክት ድምፅ የሰጡ። የደወል ምልክት ደጋፊዎች ደግሞ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ለእነሱ እሱ ያነብላቸዋል። እኔ ጋ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ፊደል አልቆጠሩም፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ደክሟል፣ የቀሩት ሰነፎች ናቸው ብዬ ነበር የማምነው።

ያነበብኩላቸው ነገር ግን እንደተጻፈው ሆኖ አያውቅም። የመሰላል ሹም ካጠፋ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ሳል አድርጌ አልፈዋለሁ። የደወል ሰው ካጠፋ ድምፄን አወፍሬ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ አነበዋለሁ። «ተብሏል» የሚለውን «ተረጋግጧል» እለዋለሁ። አንድ ቃል ናት፣ ማን ይጎዳል? ትከሻው የወረደ ሰው ኮት ሊያሰፋ ሲመጣ ትከሻው የቀና እንዲመስል አድርጌ አይደል የምሰፋለት? ዜናውንም እንደዚያው በልካቸው ሰፋሁላቸው። ለብሰውት ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ማግስቱን ይመለሳሉ።

ከዚያ ያንቺ ጽሑፍ መጣ፤ ስለ ፈነዳው የውሃ ቧንቧችን የጻፍሽው።

ባለፈው መጥተሽ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠሽ ጎረቤታችንን የፓምፑን ሠራተኛ ስታናግሪ በመስኮት አይቼ ተገርሜ ነበር። ያ ሰው ስንት ዓመት አጠገባችን ኖሮ ከ«ደህና ዋላችሁ» ሌላ አውርቶ አያውቅም። ለአንቺ ግን አወራ። «የነገርከኝን እንዳለ እጽፋለሁ» ስላልሽው መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። አንቺም ቃልሽን ጠብቀሻል። የእኛ ሹሞች ቀጭን ቧንቧ ገዙ አልሽ። የደወል ሰዎች ይህን እያዩ፣ ምርጫው ሲደርስ ይፈንዳባቸው ብለው ዝም አሉ አልሽ። ፓምፑን የከፈተው ሠራተኛ ቧንቧው እንደማይችለው ለሁለቱም ወገን ተናግሮ፣ ለምኖ፣ «ክፈት ተብለሃል ክፈት» ተብሎ በትእዛዝ እንደከፈተው ጻፍሽ።

እኔ እንዴት እንዳነበብኩት ልንገርሽ።

የቀጭኑን ቧንቧ ነገር ዘለልኩት። የደወሎቹን ዝምታ ግን ቆሜ አነበብኩት። ሱቁ ጋለ። «ፓምፑን የከፈተው ሠራተኛ» የሚለው ላይ ስደርስ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አልኩ፤ ዳቦ ጋጋሪው አላስቻለውም።

«ማነው እሱ? ያ ደወሉ ጎረቤትህ አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የቀረው ግማሽ መስመር ዓይኔ ሥር ነበር። ሰውየው እንደለመነ የሚናገረው ግማሽ። እኔ ጋዜጣውን አጠፍኩና «ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል! ቧንቧ ሰባሪው!» አልኩ።

እንደዚያ ቀን ተስቆልኝ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው ጭኑን ሲመታ ዱቄቱ እንደ ጭስ ተነሳ።

ስም በማውጣት የታወቅኩ ነኝ፤ ግማሹ ሰፈር እኔ ባወጣሁለት ስም ነው የሚጠራው። ይሄኛውን ስም ግን መልሼ ልከተው አልቻልኩም። በሳምንቱ ልጆች ሚስቱን ከኋላ እየተከተሉ «የቧንቧ ሰባሪ ሚስት!» ይሏት ጀመር። ጀሪካኗን ይዛ በእኛ በር ነበር የምታልፈው፤ አሁን በመጋዘኖቹ ጀርባ ዞራ ትሄዳለች። ሰላምታ ሲነፍጓት አይቻለሁ። እኔም አንድ ቀን ስትመጣ አይቼ መርፌ የወደቀብኝ መስዬ አጎንብሻለሁ።

ከዚያ እሱ ራሱ መጣ። ሱሪውን ሊወስድ ነው፤ ግን አመጣጡ በንባቡ ሰዓት ነበር፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ። እሱ እንደምታውቂው ማንበብ አይችልም፣ ሚስቱም አትችልም፣ ልጅ የላቸውም። በሩ ላይ ቆመና እንዲህ አለኝ፦

«ያቺ የእህትህ ልጅ የጻፈችውን አንብብልኝ። ያልኳትን ጽፋለች ወይስ ሰው የሚለውን?»

ጋዜጣው ሜትሬ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዳለ ባነበው እነዚያ ሁሉ ዓይኖች ወደ እኔ ይዞራሉ። እንደ መጀመሪያው ባነበው ደግሞ ፊት ለፊቱ ነው።

«ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ መነጽሬ ጠፋብኝ» አልኩት።

መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር።

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ቀልድ መስሏቸው ነው፤ እኔ የምቀልድ ሰው ነኛ። ሰውየው ግንባሬን አየ። ሱሪውን በብብቱ አድርጎ፣ ከበሩ ሲወጣ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር «እኔ እኮ ልጅቷ ሰው መስላኝ ነበር» አለ።

የኔ ልጅ፣ ስድቡ ለእኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ለምጄዋለሁ። የወደቀው ግን አንቺ ላይ ነው፣ ምንም ሳታጠፊ።

ሰዉ ሲበተን ፖስተኛው ቀረ። ባርኔጣውን እያሻሸ «እንዳለ ብታነብለት ይሻል ነበር» አለኝ።

«እንዳለ ምን እንደሚል በምን አወቅክ?»

«አውቶቡሱ እንደደረሰ የራሴን እገዛለሁ። አንብቤው ነው እዚህ የምመጣው።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ። ዳቦ ጋጋሪውስ ቢሆን ዳቦውን በምን የሚጠቀልል ይመስልሃል? ሳያየው ይቀራል?»

«ታዲያ ስዘል ለምን አትነግሩኝም?»

ባርኔጣውን ደፋ። «ቤቴ ሳነበው እኛም አለንበት፤ ሆዴን ይከፋዋል። አንተ ስታነበው የለንበትም። እንዳለ የምታነበው ከሆነማ እዚህ ድረስ ምን ልናደርግ እንመጣለን?» አለና ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ።

እኔ እነሱን የማታልል ብልጥ ነበርኩ በራሴ ቤት። ለካ የታዘዝኩትን ነው የሰፋሁት። ልኬቱን ቁጭ ብለው የሚሰጡኝ እነሱ ነበሩ። ይህን የምልሽ ግን ጥፋቱን ላካፍላቸው አይደለም። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጋዜጣውን ይዤ ፓምፕ ቤት ሄድኩ። መነጽሬን ከመንገድ ጀምሮ አድርጌው ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፤ ምን እንደፈለግኩ ስነግረው አጠፋው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት፤ ቀጭኑን ቧንቧ፣ የደወሎቹን ዝምታ፣ የእሱን ልመና። አንድ ቃል አልዘለልኩም። ድምፄን አላወፈርኩም፣ አላቀጠንኩም። ሳነብ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

ስጨርስ «ይሄኛው ደስ ይላል» አለኝ።

«ይሄኛው ምን ማለት ነው? ያለው ይኸው ብቻ ነው።»

«ፀጉር አስተካካዩ ጋም አስነብቤያለሁ። እሱ ጋ ያጠፉት መሰላሎች ብቻ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ጀግና ነኝ። አንተ ሱቅ ውስጥ ቧንቧ ሰባሪ ነኝ። አሁን ብቻዬን ስታገኘኝ ምስኪን ሆንኩ።»

«እምልልሃለሁ…»

«አትማል። አንተ ለተቀመጠ ሰው ነው የምታነበው። ዛሬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ስልኬን አውጥቼ «እሷን ራሷን ላገናኝህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ነው ቃል የሰጠችኝ። ከጻፈችው እዚሁ ተቀምጣ ታንብብልኝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳው። ከዚያ በኋላ የምንነጋገር ብንሆንም አንሰማማም ነበር።

ትናንት በሱቄ ጽሑፍሽን እንዳለ አነበብኩት። ቧንቧ ሰባሪ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አንቺ እንዳልሆንሽም ተናገርኩ። ቀጭኑ ቧንቧ ላይ ስደርስ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን አስታወሰ። አንዱ «ደወሎቹ ምን ከፈሉህ?» ብሎኝ ወጣ። ፖስተኛው እስከ መጨረሻው ተቀመጠና «ጥሩ ነው፤ ነገ ግን እንደድሮህ አንብብልን» አለኝ። ልጆቹም ዛሬ ጠዋት ያንኑ ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ።

ዛሬም ጋዜጣ ይመጣል። እንዴት እንደማነበው አልፎክርልሽም። ባዶ አግዳሚ ፊት ማንበብ ከባድ ነው፤ ከባድ ነው ማለቱም ያሳፍራል።

አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የጻፍኩት። ነይ። ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። የእኔ ድምፅ ለዚያ ሰው ከእንግዲህ አይሆነውም፤ ያንቺ ግን ገና አልተሞከረም። እዚያች ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠሽ አንብቢለት። እኔን ላታናግሪኝ ከፈለግሽም መብትሽ ነው፤ በመጋዘኖቹ ጀርባ ዞረሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ሚስቱ መንገዱን ታሳይሻለች።

ትንሽ ሆነሽ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊደል ሳስቆጥርሽ፣ የጋዜጣውን ወሬ መጨረሻ እንደሚያስቅሽ እየቀየርኩ አነብልሽ ነበር። አንድ ቀን ራስሽ ማንበብ የቻልሽ ለታ ጋዜጣውን ከእጄ መንጭቀሽ «ውሸታም ጋሼ! እንዲህ አይልም!» አልሽኝ። ስቄ ለሰው ሁሉ አወራሁት። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ከእጄ የነጠቀኝ ሰው የለም።

ጤና ይስጥሽ። ብዕርሽ አይንጠፍ፣ ቃልሽን የሚያስጥልሽ ሰው አይግጠምሽ፣ ዘመድም ቢሆን። እናትሽ ጉንጭሽን ሳመልኝ ብላለች።

የሚወድሽ አጎትሽ
ልብስ ሰፊው

ይድረስ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ፦ እናትሽ ዓይኗ አልይዝ ስላላት ደብዳቤውን አንብብልኝ አለችኝና አነበብኩላት። አለቀሰችም፣ ተቆጣችም። መነጽሩ ጋ ስደርስ ግን ዘለልኩት። ስትመጪ አንቺ እንዳለ አንብቢላት።