ሦስተኛው ጥሪ

አባዬ፣

ከሄድክ ሦስት ወር ሊሞላህ ነው። እማዬ የበረዶ ቦትህን ከበሩ ሥር አላነሳችም፤ በየቀኑ ዘልዬው እወጣለሁ። መኪናህን እስካሁን ስታርት ያደረገው የለም።

የጽዋ ማኅበራችሁ ያው ነው። ሙሴ፣ ምክትል ሙሴ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ... ዘጠኝ አባል፣ ዘጠኝ ሹም፤ የሚታዘዝ የለም። በአንተ ቦታ ጋሽ ታደሰ ሙሴ ሆነው ማኅበሩን ይመራሉ። ጸሐፊው ጋሽ ወርቁ ሳሎን ውስጥ ስም ለመጥራት ዛሬም ማይክ ካልመጣ ይላሉ።

ደንቡን ስትጽፍ ትዝ ይልሃል? አባል ሲሞት ስሙ በሦስት ስብሰባ ይጠራል፤ ከቤተሰቡ ተተክቶ አቤት የሚል ካልተገኘ ይሰረዛል። «ደግሞ ማን ሊሞት ነው?» ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ አልሳቅክም። በመጨረሻው ወርህም ወደ ማኅበሩ አብረሽኝ ሂጂ ስትለኝ «ሽማግሌ ከሽማግሌው ጋር! አይም ቢዚ» አልኩህ። ቢዚ አልነበርኩም፣ አባዬ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር።

መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ብሎ ቸስተርሚር፣ ጋሽ ታደሰ ቤት ተጠራህ። እማዬ ስታለቅስ አንገቴን ደፋሁ። ሁለተኛው ካስልሪጅ ሰፈር ነበር፤ አልሄድንም። ሦስተኛው እኛው ቤት ሆነ፤ ተራው የአንተ ነበርና።

ዳቦው ተቆርሶ ብርጭቆ ሳቀርብ ጋሽ ወርቁ ስምህን ጠሩ። ወንበርህ ባዶ ነው። ደግመው ጠሩ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ማይክም አልጠየቁም። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እስክሪብቶው ወደ መዝገቡ ሲወርድ አየሁ።

«አቤት» አልኩ፣ ትሪውን እንደያዝኩ።

«ሴት ልጅ እኮ ናት» አሉ ዳኛው። ጋሽ ወርቁ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሴት አትተካም የሚል የለበትም። ረስተኸው ነው ወይስ አስበህበት? የሚነግረኝ የለም፤ አንተን ደግሞ መጠየቅ ቀረ።

ወንበርህ ሰፋኝ። ጋሽ ታደሰ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ ትሪውን ሳላስቀምጥ ልቀበላቸው ስል ማንም አልቀለደብኝም። እኔ ብሆን እቀልድ ነበር።

ሲበተኑ ጋሽ ወርቁ መዝገቡ ላይ የአንተን ሰርዘው የኔን ስም ይጻፉ እንደሆነ ጠየቁኝ። እምቢ አልኳቸው። የአንተን ይጥሩ። በየወሩ እኔ አቤት እላለሁ።

ልጅህ