በሻማ የታሸው ብሎን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? ዓይኔ መርፌ አላስገባ አለኝ ያልሽው አሳስቦኛል። እባክሽ መነጽሩን አድርጊው፤ ለጌጥ አልገዛሁልሽም። እኔ ደህና ነኝ። ትልቁ ልጅሽ ጋሼም ካንቺ ዘንድ ከተመለሰ ወዲህ ያው እኔው ቤት ነው፤ የመጋዘን ጥበቃውንም አልተወም። ብቻ ምግብ አልበላ ብሎ አስቸግሮኛል።

እማዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ደስ የሚል ወሬ አይደለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከመጋዘኑ አጠገብ የነበረውን ልብስ ሰፊ ሱቁ ውስጥ በጥይት ገደሉት። ፖሊስ ሸሪኩን አሰረ፤ በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷቸው ነበር። ሽጉጡ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። መርማሪው በጨርቅ ጠቅልሎ የመሣሪያ ጥገና ቤቴ አመጣውና፣ ከየት እንደመጣና የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ግራ ገብቶናል፣ አንቺ እይልን አለኝ።

ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። አካሉ ካንድ ፋብሪካ፣ ላይኛው ብረት ከሌላ፣ አፈሙዙ ደግሞ ከሁለቱም የማይዛመድ፣ ተሞርዶ በግድ የገባ። ቁጥሩ እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ። ከየሰፈሩ የተለቃቀመ ሽጉጥ! ሳየው ሳቄ መጣ፤ የአባዬን ጠረጴዛ አስታወሰኝ። ሞርሳ ላይ አስሬ የእጀታውን ብሎን ስፈታ ግን ሳቄ ጠፋ። የብሎኑ ጥርስ ውስጥ ሰም ነበረ።

አባዬ ከዘይት ሌላ ነገር አያስነካም ነበር። ሌላም ጠጋኝ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ብሎን ከማጥበቋ በፊት በሻማ የምታሸው አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ። አባዬም፣ አንቺ ሴትዮ ሽጉጡን ልታበሪው ነው እንዴ እያለ ይስቅብሽ ነበር።

ቢሆንም፣ አባዬ ከሞተ በኋላ ስንቱን ገጣጥመሽ ሸጠሻል፣ አንዱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለጋሼ እራት ሳቀርብ፣ እንደ ዋዛ፣ እማዬ ለጥበቃው የሠራችልህ ሽጉጥ የታለ ብዬ ጠየቅኩት። ቀና እንኳ ሳይል፣ ከሸጥኩት ዓመት አለፈው አለኝ። ለማን ብለው፣ ለመንገደኛ አለ።

በማግስቱ የቀረውን ፈታሁ። ምላጩን የሚመልሰው ሞላ አዲስ ነው። እማዬ፣ ያ ሞላ የኔ ነው። ገና ባለፈው ወር፣ ጋሼ አንቺ ዘንድ በነበረ ጊዜ፣ የሱ ሽጉጥ ሞላ ደክሟልና አዲስ ላኪልኝ ብለሽኝ በገዛ እጄ የጠመዘዝኩት። ጣትሽን እንዳይወጋሽ ብዬ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌው ነበር። እንዳጠፍኩት አለ።

የታሰረው ሰውዬ ሚስት በየቀኑ ምሳ ይዛ ወደ ጣቢያው ስትሄድ በደጄ ነው የምታልፈው። ትናንት ቆም ብላ፣ እህቴ፣ የሽጉጡ ባለቤት ታወቀ ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኳት። ዋሸኋት፣ እማዬ። ጋሼ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፤ ከነፍሴ አብልጬ እወደዋለሁ። የሷን ዓይን ግን ደግሜ ማየት አልችልም።

ነገ ለመርማሪው ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ሰሙንም፣ ሞላውንም። አንቺም ዘንድ ቢመጡ ለልጄ ብለሽ እንዳትዋሺ። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ በገዛ እግሩ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ፊት ለፊት ልነግረው አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ፣ ፖስታ ቤት አድርስልኝ ብዬ እሰጠዋለሁ። መቼም ላንቺ የምጽፈውን ሳያነብ ልኮ አያውቅም። ፖስታ ቤቱና ፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ናቸው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፤ ይህን ችሎ የሚያነብ ልብም ይስጥሽ። እግርሽን እስማለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ ልጅሽ

እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትልቁ። አንብቤዋለሁ። ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝ። እሷን እንዳትቆጪያት። የታሰረው ሰውዬ ዛሬ ቤቱ ይገባል።